ዓለምን በሥዕል ያሳየ መምህር

ባለፈው ዓመት በሰንበት ትምህርት ቤታችን የሕፃናት ክፍል ሳስተምር አንድ እሑድ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በግ ሣልሁ። የዕለቱ ትምህርት ስለ ጠፋው በግ ነበርና። ሥዕል የመሣል ስጦታ የለኝም፤ ይሁን እንጂ አራት እግርና አንድ ራስ ካለው ይበቃል ብዬ ደፈርሁ። አምስት ዓመት ያልሞላው አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ ጠረጴዛው ጅራት ያወጣው ለምን እንደ ሆነ ጠየቀኝ። ክፍሉ በሣቅ ተናወጠ፤ እኔም አብሬ ሣቅሁ እንጂ በልቤ አፍሬ ነበር። በሚቀጥለው እሑድ ከአሮጌ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ላይ የቀደድሁትን የበግ ፎቶግራፍ ይዤ ገባሁ። ያው ልጅ ገና ከሩቅ ሲያየው ስሙን ጠራው። ከዚያም ገጠር ስላሉት የአያቱ በጎች፣ አንዱም እንዴት እንደ ወጋው፣ ማንም ሳይጠይቀው ተረከልን። በመጀመሪያው እሑድ በጉን ያጠፋሁት እኔው ራሴ ነበርሁ ማለት ነው።

ይህን ነገር የትምህርት ጥናት ተማሪ ለሆነ አንድ ወዳጄ ባጫውተው አልሣቀም። ሕፃናትን በእውነተኛ ሥዕል ስለ ማስተማር አጥብቆ ያሰበ ሰው ከሦስት መቶ ስድሳ ዓመት በላይ ቀድሞን እንደ ነበረ ነገረኝና ስሙን በደብተሬ ጻፈልኝ። እኔም ታሪኩን ፈልጌ አነበብሁ። ውድ አንባብያን፣ ከዚህ በታች የማቀርብላችሁ የዚህን ሰው ሕይወት ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዮሐንስ አሞስ ኮሜኒየስ ማርች 28 ቀን 1592 ዓ.ም. በሞራቪያ ተወለደ። ሞራቪያ ዛሬ የቼክ ሪፐብሊክ ምሥራቃዊ ክፍል ናት። በአገሩ ቋንቋ ስሙ ኮመንስኪ ሲሆን፣ ኮሜኒየስ የሚለው በላቲን የሚጠራበት ነው። ቤተ ሰቡ የወንድሞች አንድነት የምትባለው ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አባላት ነበሩ። ይህች ማኅበር በ1415 በእሳት የተቃጠለውን የያን ሁስን ትምህርት ከተከተሉት ሰዎች መካከል በ1457 የተመሠረተች ናት። ልጁ ዐሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆነው አባቱ፣ እናቱና ሁለት እኅቶቹ ሞቱበት። አክስቱ ወስዳ ብታስጠጋው ደግሞ፣ ብዙም ሳይቆይ በ1605 እርስዋ የምትኖርባት ከተማ በጦርነት ተቃጠለች። ከዚህም የተነሣ ትምህርቱ ተቋረጠና ወደ ላቲን ትምህርት ቤት የገባው በዐሥራ ስድስት ዓመቱ ነው።

ዘግይቶ መግባቱ ጠቀመው ለማለት እደፍራለሁ። ሕፃን ሆኖ ቢገባ ኖሮ እንደ ጓደኞቹ የሚደረግበትን ሁሉ ሳያስተውል ያልፍ ነበር። እርሱ ግን በጎልማሳ ዓይን አየው። የዚያን ጊዜ ልጆች ላቲንን የሚማሩት ገና በማያውቁት በላቲን ቋንቋ በተጻፈ ሰዋስው ነበር። ደንቡን በቃላቸው ይወጣሉ፤ ከተሳሳቱ ይገረፋሉ፤ የቃሉን ትርጉም ቢጠየቁ ሌላ ቃል ይመልሳሉ እንጂ ነገሩን አያውቁትም። ኮሜኒየስ በኋላ ዘመን በጻፈው ታላቁ የማስተማር ጥበብ በተባለው መጽሐፉ እንዲህ ያለውን ትምህርት ቤት የሕፃናት አእምሮ የሚታረድበት ቤት አድርጎ እስከ መግለጽ ደርሷል። እኛስ ብንሆን ያላየነውን ፍሬና ያልዳሰስነውን በረዶ በባዕድ ቋንቋ ስንት ጊዜ በቃላችን አጥንተን ፈተና አልፈናል?

ከዚያ በኋላ በጀርመን አገር በሄርቦርንና በሃይደልበርግ ተምሮ በ1614 ወደ አገሩ ተመለሰ። ሃይደልበርግ ሳለ ኮፐርኒከስ ስለ ሰማያት አካላት መዞር የጻፈውን በእጅ የተጻፈ መጽሐፍ ገዝቶ ነበርና፣ በኪሱ ገንዘብ ስላልቀረለት ረጅሙን መንገድ በእግሩ እንደ ተጓዘ ይነገራል። በ1616 ክህነት ተቀበለ። በ1618 ፉልኔክ በምትባል ከተማ የምእመናን እረኛና የትምህርት ቤት ኃላፊ ሆነ። ሚስት አገባ፤ ልጅም ወለደ። በሕይወቱ ሰላም ያገኘባቸው ዓመታት እነዚያ ሦስቱ ብቻ ነበሩ ማለት ይቻላል።

በዚያው በ1618 የሠላሳ ዓመት ጦርነት ተብሎ የሚታወቀው ጦርነት ተጀመረ። በኖቬምበር 1620 ፕራግ አጠገብ በነጭ ተራራ በተደረገው ውጊያ የቦሔሚያ ሠራዊት ድል ሆነ። በዓመቱ ወታደሮች ፉልኔክን ዘረፉ፤ ኮሜኒየስም ከአሳዳጆቹ ለማምለጥ ቤቱን ትቶ ከስፍራ ወደ ስፍራ እየተሸሸገ ይኖር ጀመር። በ1622 ሚስቱና ሁለቱ ሕፃናት ልጆቹ በቸነፈር አለቁ። በ1623 መጻሕፍቱ በከተማው አደባባይ ተቃጠሉ። በ1628 ከብዙ ወገኖቹ ጋር ድንበር ተሻግሮ በፖላንድ ሌሽኖ በምትባል ከተማ ተሰደደ። ዕድሜው ሠላሳ ስድስት ዓመት መሆኑ ነው፤ ወደ አገሩም ተመልሶ ለመኖር አልታደለም።

ሁለት ሕፃናት የቀበረ አባት በስደት አገር ከጻፋቸው የመጀመሪያ መጻሕፍት አንዱ ስለ ሕፃናት መሆኑ ሳነበው ልቤን ነካኝ። የእናት ትምህርት ቤት ይባላል። የሚናገረውም ከልደት እስከ ስድስት ዓመት ስላለው ጊዜ ነው። በእርሱ አሳብ የመጀመሪያው ትምህርት ቤት የእናት ጭን ነው። ሕፃን ውኃን፣ እሳትን፣ ድንጋይን፣ ላምን፣ ዛፍን፣ ፀሐይንና ጨረቃን ማወቅ ያለበት እያየና እየዳሰሰ ነው፤ ስሙም ነገሩ ፊቱ ቆሞ ሳለ ይነገረው። አራት አምስት ዓመት ሲሆነው ጠመኔ ወይም ከሰል ይሰጠውና እንደ ፈቀደ ይሣል ይላል። ዛሬ ይህ ማንኛዋም እናት የምታውቀው ነገር ይመስለን ይሆናል፤ ነገር ግን በዚያን ጊዜ አንድ ሊቅ ብዕሩን አንሥቶ የሦስት ዓመት ልጅ ምን ሊያውቅ እንደሚገባው መዘርዘሩ የተለመደ አልነበረም።

ስሙን በአውሮፓ ሁሉ ያስጠራው ግን በ1631 ያሳተመው የተከፈተ የቋንቋ በር የተባለው የላቲን መማሪያ ነው። ስምንት ሺህ ያህል ቃላትን በአንድ ሺህ ዐረፍተ ነገር አቀናብሮ፣ ዐረፍተ ነገሮቹንም በነገሮች ዓይነት መደባቸው፤ ስለ እሳት፣ ስለ እንስሳት፣ ስለ እርሻ፣ እያለ ይቀጥላል። መጽሐፉ በብዙ ቋንቋ ተተረጐመ። ደራሲውም በ1641 ወደ ለንደን ተጠራ፤ በዚያ የእርስ በርስ ጦርነት ሲመጣ ደግሞ ለስዊድን መንግሥት የመማሪያ መጻሕፍት እንዲያዘጋጅ ተቀጠረ። በጉዞው ላይ ፈላስፋውን ዴካርትን አግኝቶ ተወያይቷል። ስለዚህ ዘመን ብዙ መናገር ይቻላል፤ ነገር ግን ከተነሣሁበት ነገር እንዳልወጣ እለፈው። ለእኛ ቁም ነገሩ፣ ያ ዝነኛ መጽሐፍ ለትንንሽ ልጆች ከበደ። ቃላቱ የእውነተኛ ነገሮች ስሞች ነበሩ፤ ነገሮቹ ግን በገጹ ላይ አልነበሩም። የበርን ስም ያነበበ ልጅ በሩን አላየውም።

በ1648 የሠላሳው ዓመት ጦርነት በስምምነት አበቃ። በስምምነቱ ውስጥ የኮሜኒየስ ወገኖች ወደ አገራቸው እንዲመለሱ የሚል ቃል አልነበረበትም። በዚያው ዓመት ሁለተኛ ሚስቱ ዶሮታ ሞተች። በዚያው ዓመት የወንድሞች አንድነት የበላይ ጳጳስ ሆነ፤ በአገሩ የተበተነችው የዚያች የጥንት ማኅበር የመጨረሻው ጳጳስም እርሱ ነው። በ1650 ሻሮሽፓታክ ወደምትባል የሃንጋሪ ከተማ ተጠርቶ ትምህርት ቤት እንዲያደራጅ ተሾመ። ከብዙ ድካምና ሙግት ጋር አራት ዓመት ያህል በዚያ ቆየ።

እንግዲህ የሥዕሉ መጽሐፍ የተወለደው በሻሮሽፓታክ ነው። በ1653 ገደማ ጽሑፉን አዘጋጀ። ይሁን እንጂ ሥዕሎቹን በእንጨት ላይ ቀርጾ ለማተሚያ የሚያዘጋጅ ባለ እጅ በዚያ አገር አልተገኘም። በዚህ ምክንያት ጽሑፉ በጀርመን አገር ወደ ኑረምበርግ፣ ወደ ሚካኤል ኤንድተር ማተሚያ ቤት ተላከ። ሥራው ዓመታት ፈጀ። ኮሜኒየስ ለጽሑፉ ብቻ ቢቸኩል ኖሮ መጽሐፉን በቶሎ ባወጣው ነበር። ሥዕል የሌለው ያ መጽሐፍ ግን ለእርሱ ምንም አልነበረም፤ ስለዚህ ጠበቀ።

ሲጠብቅ ሳለ ወደ ሌሽኖ ተመልሶ ነበር። በ1655 የስዊድን ንጉሥ ፖላንድን ሲወር ኮሜኒየስ ንጉሡን የሚያመሰግን ጽሑፍ አወጣ። በእንግድነት ያስጠለለችው አገር ስትወረር ወራሪውን ማመስገኑን የሚያደንቁት ሁሉ እንኳ ለማስረዳት ይቸግራቸዋል፤ እኔም አላስረዳውም። በኤፕሪል 1656 የፖላንድ ተዋጊዎች ሌሽኖን አቃጠሉ። ኮሜኒየስ ነፍሱን ይዞ ወጣ እንጂ ቤቱ፣ ገንዘቡ፣ መጻሕፍቱና የእጅ ጽሑፎቹ ነደዱ። ከአርባ ዓመት በላይ የደከመበት የቼክና የላቲን መዝገበ ቃላት በዚያ እሳት ጠፋ። ይህን ኪሳራ እስኪሞት ድረስ ሲያዝንበት ኖሯል። ወደ ኑረምበርግ የተላከው የሥዕል መጽሐፍ ግን ከእሳቱ ርቆ ነበርና ተረፈ። የቀረጻ ባለሙያ ባለመገኘቱ ስንት ጊዜ አዝኖ ይሆን!

ስደተኛው በአምስተርዳም አንድ ባለጸጋ ወዳጅ ተቀበለው፤ የማስተማር ጽሑፎቹም በ1657 በዚያው ተሰብስበው ታተሙ። የሚታየው ዓለም በሥዕል የተባለው መጽሐፍ ደግሞ በ1658 በኑረምበርግ በላቲንና በጀርመንኛ ወጣ። በላቲን በአጭሩ ኦርቢስ ፒክቱስ ይባላል። መቶ አምሳ ሥዕሎች አሉበት።

አሠራሩን ላስረዳ። በገጹ ራስ ላይ ሥዕል አለ። በሥዕሉ ውስጥ በእያንዳንዱ ነገር ላይ ትንሽ ቁጥር ተጽፏል። ከሥዕሉ በታች ጽሑፉ በሁለት ዐምድ፣ በአንዱ በላቲን በሌላው በልጁ አፍ መፍቻ ቋንቋ ይገኛል። በጽሑፉ ውስጥ ያለው ስም በሥዕሉ ላይ ካለው ቁጥር ጋር ይገናኛል። ለምሳሌ የቀጥቃጩን ገጽ የሚያይ ልጅ ወናፉን፣ ጉጠቱን፣ መስፉን፣ መዶሻውንና የሚፈናጠረውን የእሳት ፍንጣሪ እያንዳንዱን በጣቱ እየነካ ስሙን ያገኛል። ዳቦ ጋጋሪው፣ ዓሣ አጥማጁ፣ ሸማኔው፣ አናጢው፣ ጫማ ሰፊው፣ ማተሚያ ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱ ራሱ፣ ወፎችና የቤት እንስሳት፣ የሰው አካል ክፍሎች፣ የፀሐይና የጨረቃ ግርዶሽ፣ ሁሉም ተራቸውን ይዘው ይመጣሉ። ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ ደግሞ ፊደል አለ። እያንዳንዱ ፊደል ድምፅ ከሚያሰማ ነገር ሥዕል ጋር ተቀምጧል፤ ቁራ ሲጮህ፣ ጠቦት ሲል፣ ሕፃን ሲያለቅስ፣ ነፋስ ሲነፍስ፣ ዝይ ስትጮህ። ልጁ የፊደሉን ድምፅ ከሚያውቀው እንስሳ አፍ ይሰማል ማለት ነው። እኔ ይህን ሳነብ የእኛን የፊደል ገበታ አስታወስሁ። ዜማው በልጅነት የገባ እስካሁን ከጆሮዬ አይወጣም፤ ነገር ግን ከፊደሎቹ ጋር የማስታውሰው አንድም የእንስሳ ድምፅ የለኝም።

ኮሜኒየስ በመጽሐፉ መቅድም ለወላጆችና ለመምህራን የሰጠው ምክር ከሥዕሎቹ ያልተናነሰ ነው። ሕፃኑ ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት መጽሐፉ በቤቱ ይሰጠውና ሥዕሎቹን እያየ ይደሰት፤ ይለማመዳቸው። ከፈለገ ሥዕሎቹን በእጁ ይገልብጥ፤ ይህ አስተውሎ እንዲያይ ያደርገዋል። በቅርብ የሚገኝ ነገር ከሆነ ከሥዕሉ ጋር ነገሩ ራሱ ይታይ። ቀለምንና ጣዕምን የመሰሉ በጥቁር ማተሚያ ቀለም ሊገለጡ የማይችሉ ነገሮች ደግሞ በእውነት መታየትና መቀመስ አለባቸው። በቀላሉ የማይገኙ ነገሮች በትምህርት ቤት ተሰብስበው ይቀመጡ። ከዚህ እንደምናየው ሥዕልን ከእውነተኛው ነገር በላይ አላደረገውም። ነገሩ ይቅደም፤ ነገሩ ካልተገኘ ነገሩን የሚመስል ሥዕል ይተካው፤ ቃሉ ከሁለቱ ጋር ይሂድ። አሳቡ ይህ ነው።

በዓይን የማይታየውንስ ምን አደረገ? ይህ ጥያቄ በተለይ እኛን ሕፃናትን በቤተ ክርስቲያን የምናስተምረውን ይመለከታል። እግዚአብሔርን በሰው መልክ አልሣለም፤ በብርሃን ጨረር መካከል ስሙን በዕብራይስጥ ፊደል አኖረው። የሰው ነፍስ ስትደርስበት ደግሞ የሰውን ቅርጽ ዙሪያውን በነጠብጣብ ብቻ አሳየ። ልጁ ሲያየው ሰው ነው፤ ሊይዘው ግን ሥጋ የለውም። እኔ ከመቶ አምሳው ሁሉ ይህን እመርጣለሁ። በአንጻሩ ስለ ምግባር የሚናገሩት ገጾች አልረኩኝም። ጥበብን መስተዋት የያዘች ሴት አድርጎ አሣላት። አዋቂ ሰው ምሥጢሩን ይፈታ ይሆናል፤ የአምስት ዓመት ልጅ ግን የሚያየው መስተዋት የያዘች ሴት ነው። በዚህ ስፍራ ኮሜኒየስ የራሱን ደንብ የሳተ ይመስለኛል። እንዲሁም አንዳንዱ ሥዕል በአንድ ትንሽ ገጽ ላይ ብዙ ነገር ስለ ጨመቀበት ቁጥሩን መከተል ዓይን ያደክማል።

በእኛ ዘመን ሊቃውንት ነገሩን በፈተና መርምረውታል። በ1998 በወጣ ጥናት በአሜሪካና በኮትዲቯር ያሉ የዘጠኝ ወር ሕፃናት የነገሮችን ፎቶግራፍ በመጽሐፍ ሲያዩ ነገሩን ከገጹ ላይ ለማንሣት በእጃቸው ሲሞክሩ ታይተዋል። ሥዕል የነገሩ ምልክት እንጂ ነገሩ ራሱ አለመሆኑን ሰው ቀስ በቀስ የሚማረው ነው ማለት ነው። በ2008 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የዐሥራ አምስትና የዐሥራ ስምንት ወር ሕፃናት በመጽሐፍ ያዩትን አዲስ ነገር በእውን ሲያገኙት ስሙን ሊያውቁት እንደሚችሉ፣ ይህም ሥዕሉ እንደ ቀልድ ከተሣለ ይልቅ እውነተኛውን ነገር ሲመስል እንደሚቀላቸው አሳይቷል። የእኔ ባለ ጅራት ጠረጴዛ ከየትኛው ወገን እንደሚመደብ አንባቢ ይፍረድ።

መጽሐፉ ከደራሲው ይልቅ ዕድለኛ ሆነ። በ1659 በእንግሊዝኛ ተተረጐመ፤ በ1666 በአራት ቋንቋ ታተመ፤ በ1810 በኒው ዮርክ ከተማ ወጣ። ጀርመናዊው ባለ ቅኔ ጎቴ በሕፃንነቱ ካገላበጣቸው መጻሕፍት አንዱ እንደ ነበረ በሕይወት ታሪኩ ጽፏል። ኮሜኒየስ ራሱ ግን በመጨረሻ ዘመኑ ስሙ ጐደፈ። ወደ አገሩ መመለስን እጅግ ይናፍቅ ስለ ነበር የጠላቶቹን መንግሥት መውደቅ ይተነብዩ የነበሩ ሰዎችን አምኖ ራእያቸውን አሳተመ። ትንቢቱ አልተፈጸመም፤ ብዙዎችም ዘበቱበት። ልጆች ያላዩትን እንዳይቀበሉ ዕድሜውን ሙሉ የደከመ ሰው በዚህ መሰናከሉ ያሳዝናል። ስደት ግን ሰውን ምን እንደሚያደርግ ያልተሰደደ አያውቀውም።

ኮሜኒየስ ኖቬምበር 15 ቀን 1670 ዓ.ም. በሰባ ስምንት ዓመቱ በአምስተርዳም ሞተና ናርደን በምትባል ከተማ ተቀበረ። መቃብሩ ዛሬም እዚያው በሆላንድ ነው። በቼክ አገር የልደቱ ቀን ማርች 28 የመምህራን ቀን ተብሎ ይከበራል። በዚያው አገር በሁለት መቶ ኮሩና የወረቀት ገንዘብ ላይ የፊቱ ምስል ታትሟል። የገንዘቡ ጀርባ ሲገለበጥ ደግሞ አንድ የአዋቂ እጅና አንድ የሕፃን እጅ ሲነካኩ ይታያል።